ሲጋራ ማቆምና አቁሞ መቆየት፦ ከዝግጅቱ ሳምንት እስከ ዓመቱ ማብቂያ

ያለ መድኃኒትና ያለ አማካሪ፣ በቁርጠኝነት ብቻ ሲጋራ ለማቆም ከሚነሱ መቶ ሰዎች መካከል ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ያህሉ ናቸው። ቁጥሩ ብዙዎችን ያስደነግጣል። እኔ ግን ከቁጥሩ የምረዳው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ወኔውን ሁሉ በማቆሚያው ቀን ላይ አውጥቶ ይጨርስና ለቀጣዮቹ ወራት ባዶ እጁን ይቀራል።

ማቆም አንድ ሥራ ነው፤ አቁሞ መቆየት ሌላ ሥራ። የመጀመሪያው ከኒኮቲን ጋር የሚደረግ የጥቂት ሳምንታት ትግል ሲሆን በደንብ የተፈተሹ መድኃኒቶች አሉት። ሁለተኛው ከልማድ፣ ከትዝታና ከመዘናጋት ጋር የሚደረግ ነው፤ ወራት ይወስዳል፤ መድኃኒቱም አስቀድሞ ማሰብ ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱንም በየተራ ይዞ ይሄዳል።

ሱሱ እንዴት እንደሚሠራ

ጭሱ ወደ ሳንባ ሲሳብ ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል። እዚያም የእርካታ ስሜት የሚፈጥረውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ መቁነጥነጥ፣ መነጫነጭና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይመጣል። ቀጣዩ ሲጋራ ሲለኮስ ይህ ሁሉ ይረግባል፤ አጫሹም "ሲጋራ ያረጋጋኛል" ብሎ ያምናል። ያረገበው ግን ያለፈው ሲጋራ ትቶት የሄደውን ጭንቀት ነው። ይህን በሚገባ መረዳት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከወራት በኋላ ሰውን መልሶ የሚጥለው ይኸው እምነት ነው። ያቆሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ማጨስ ከቀጠሉት ሰዎች ይልቅ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ድግግሞሹ ነው። በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አንዱን በአሥር ያህል ስበት ቢጨርስ፣ በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት ደግሞ ከ70,000 ጊዜ በላይ ለአንጎሉ ኒኮቲን ይሰጣል። እያንዳንዱ ስበት ከቦታ፣ ከሰዓት፣ ከሰው ወይም ከስሜት ጋር ተያይዞ ይመዘገባል። ኒኮቲኑ ከሰውነት ከወጣ በኋላም እነዚህ መዝገቦች ይቆያሉ።

የሱስዎን መጠን ለማወቅ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ከእንቅልፍዎ ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚያጨሱት ምን ያህል ቆይተው ነው? በቀን ስንት ያጨሳሉ? በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩሱ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው፤ ከታች የተጠቀሱትን መድኃኒቶች ሳይዙ አይጀምሩ።

የዝግጅቱ ሳምንት

ለአንድ ሳምንት እንደ ልማድዎ እያጨሱ እያንዳንዱን ሲጋራ ከመለኮስዎ በፊት ይመዝግቡ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት ያለውን ሰው፣ ስሜትዎን፣ እንዲሁም ምን ያህል እንደፈለጉት ከ1 እስከ 10 ባለ ቁጥር ይጻፉ። ማስታወሻው ከፓኬቱ ጋር ቢታሰር ወይም ስልክዎ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ ተቀምጦ ለማስታወስ መሞከር አይሠራም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሲጋራዎቹ በሦስት ወገን ሲከፈሉ ያያሉ። ጠዋት ተነሥተው ወይም ለረጅም ሰዓት ሳያጨሱ ቆይተው የለኮሷቸው ሰውነት ኒኮቲን ሲጠይቅ የመጡ ናቸው። ከቡና፣ ከምግብ፣ ከስልክ ጥሪ ወይም ከሥራ ዕረፍት ጋር የመጡት የልማድ ናቸው። ከንዴት፣ ከኀዘን፣ ከብቸኝነት ወይም ከደስታ ጋር የመጡት ደግሞ የስሜት ናቸው። ለመጀመሪያው ወገን መድኃኒት አለ። ሁለተኛውን የዕለት ሥርዓትን በመቀየር መቋቋም ይቻላል። ሦስተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁን ላያሰማ ይችላል፤ አድፍጦ የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ቀን መቁረጥ

ከሁለት ሳምንት ያልራቀ ቀን ይምረጡ። ከዚያ የራቀ ቀጠሮ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሥራ ውጥረት፣ ድግስ ወይም ረጅም ጉዞ ያለበትን ሳምንት ያስወግዱ፤ ነገር ግን ፍጹም ጸጥ ያለ ሳምንት አይጠብቁ፣ እንዲህ ያለ ሳምንት ለማንም አይመጣምና።

ቀስ በቀስ ይቀንሱ ወይስ በአንድ ጊዜ ያቁሙ? በእንግሊዝ አገር ወደ 700 በሚጠጉ አጫሾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ሁለቱም ወገኖች መድኃኒትና ምክር እያገኙ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ጊዜ ካቆሙት 49 በመቶው፣ ቀንሰው ካቆሙት ደግሞ 39 በመቶው አላጨሱም ነበር። ስለዚህ የእኔ ምክር በቁርጥ ቀን ማቆም ነው። መቀነስ የሚመርጥ ሰው ካለ ግን የመጨረሻ ቀን ያለው ቅነሳ ይሁን፤ ማብቂያ የሌለው ቅነሳ ማጨስን ማስታመም ነው። ቁጥሩን የቀነሰ አጫሽ እያንዳንዱን ሲጋራ ጠልቆና አብዝቶ ስለሚስብ ያሰበውን ያህል ኒኮቲንና ጭስ አይቀንስም። "ቀላል" እየተባሉ የሚሸጡ ሲጋራዎችም በዚሁ ምክንያት ከሌሎቹ ያልተናነሰ ይጎዳሉ። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ 20 የሚያጨስ ሰው ከሚደርስበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል።

መድኃኒቶቹን በትክክል መጠቀም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ትንባሆ ማቆም ለሚፈልጉ አዋቂዎች አራት ነገሮችን ይመክራል፦ የኒኮቲን ምትክ፣ እንዲሁም ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን እና ሳይቲሲን የተባሉ መድኃኒቶች። እነዚህ ከምክር አገልግሎት ጋር ሲጣመሩ የመሳካት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። "በራሴ ጉልበት ካልሆነ ዋጋ የለውም" የሚል ኩራት ብዙ ሰዎችን መልሶ ወደ ሲጋራ ወስዷቸዋል። ለሌላ ሕመም መድኃኒት መውሰድ እንደማያሳፍር ሁሉ ለዚህም አያሳፍርም።

የኒኮቲን ምትክ ሲባል በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፣ ማስቲካ፣ የሚመጠጥ ክኒንና የሚረጭ አለ። ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን ከጭሱ መርዝ ለይተው ይሰጡታል። ካንሰርና የሳንባ በሽታ በዋናነት የሚመጡት ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን ከያዘው ጭስ ስለሆነ፣ ፕላስተር ከሲጋራ ጋር በአደጋ አይወዳደርም።

ፕላስተሩ በቀን ከ10 በላይ ለሚያጨስ ሰው በተለምዶ በ21 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ለስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ለሁለት ሳምንት 14፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ 7 ሚሊ ግራም ይሆናል። 10 እና ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል። ጠዋት ጠዋት ንጹሕ፣ ደረቅና ጸጉር በሌለው የላይኛው አካል ቆዳ ላይ አዲስ ይለጠፋል፤ ቆዳው እንዳይቆጣ ቦታው በየቀኑ ይቀያየራል። እንቅልፍ የሚነሣ ወይም ቅዠት የሚያመጣ ከሆነ ከመኝታ በፊት ይነሣል። የተጣለው ፕላስተርም ኒኮቲን ስለሚቀርበት ሕፃናት ከማይደርሱበት ይጣል።

ማስቲካውን አብዛኛው ሰው በስህተት ይጠቀምበታል፤ እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ ያኝከዋል። ያን ጊዜ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ተውጦ ሆድ ያቃጥላል፣ ስቅታ ያመጣል፣ አምሮቱን ግን አያረካም። ትክክለኛው መንገድ የሚያቃጥል ወይም የሚያቆነጥጥ ጣዕም እስኪመጣ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያም በጉንጭና በድድ መካከል ማስቀመጥ ነው። ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት ያኝኩና ቦታ ቀይረው ያስቀምጡት፤ እንዲህ እያሉ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቆዩበት። ማስቲካውን ከመያዝዎ በፊት ለ15 ደቂቃና በያዙበት ጊዜ ቡና፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጭማቂ አይጠጡ፤ አሲዳቸው ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ከእንቅልፍ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ባለ 4 ሚሊ ግራሙን፣ ሌላው ባለ 2ቱን ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ መያዝ የተለመደ ነው፤ ሐራራው እስኪያናውዝ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ መሠረቱን ይይዛል፤ ማስቲካው ወይም የሚመጠጠው ክኒን ድንገት የሚነሣውን ሐራራ ይመታል። ጥምረቱ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ቫሬኒክሊን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ክኒን ነው። ኒኮቲን የሚያርፍበትን የአንጎል ቦታ በከፊል ስለሚይዝ ሐራራውን ያለዝባል፤ በዚያ መካከል ሰው ቢያጨስም የሲጋራውን ጣዕምና እርካታ ያደበዝዘዋል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል። ማቅለሽለሽ የተለመደ ጠንቁ ነው፤ ከምግብ በኋላ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ መውሰድ ይረዳል። የአእምሮ ጤናን ያውካል የሚል ስጋት ለዓመታት ተወርቶበት ነበር። ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት ግን መድኃኒት ከሌለበት ለማነጻጸሪያ ከሚሰጥ ባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ በውጤትም ከቡፕሮፒዮንና ከብቸኛ ፕላስተር በልጦ ተገኝቷል። ቡፕሮፒዮን ጥሩ አማራጭ ቢሆንም የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ከባድ የአመጋገብ ሕመም ለነበረበት ሰው አይሰጥም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም በቅርቡ የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ማንኛውንም ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያነጋግር።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር ይህ ፍጥነት ይቀንስና የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒን፣ ቴዎፊሊን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ፣ የማቆሚያ ቀኑን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሲጋራዎችንና ሺሻን እንደ መሸጋገሪያ የሚያዩ አሉ። ሺሻ ራሱ የትንባሆ ጭስ ነው፤ ምንም ዓይነት መሸጋገሪያ አይሆንም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ይዞ ጎን ለጎን ሲጋራ ማጨስም ሁለት ሱስ መያዝ ነው። የተፈተሹት መድኃኒቶች በእጅዎ እያሉ ከእነሱ ይጀምሩ።

ዋዜማው

ሲጋራዎቹን፣ ላይተሮቹን፣ መተርኮሻዎቹን ሁሉ ያስወግዱ። "ለክፉ ቀን" ብሎ የተደበቀ አንድ ሲጋራ ክፉውን ቀን ራሱ ይጠራዋል። ልብሶቹን፣ መጋረጃውንና መኪናውን ያጽዱ፤ ሽታው ትዝታ ይቀሰቅሳል።

ለቅርብ ሰዎችዎ ይንገሩ፤ ነገር ግን "አግዙኝ" ብቻ አይበሉ። ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈልጉ ለይተው ይጠይቁ። ለሚያጨስ ጓደኛ "ለሦስት ወር ያህል አታቅርብልኝ፤ ብለምንህም አትስጠኝ" ይባላል። ለቤተሰብ "በሳምንቱ ብነጫነጭ ታገሡኝ፤ በየሰዓቱ አጨስህ ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ" ይባላል። የትዳር አጋርዎ የሚያጨሱ ከሆነ አብረው እንዲያቆሙ ይጋብዟቸው፤ ካልሆነ ቢያንስ ቤትና መኪና ውስጥ እንዳይጨስ ተስማሙ። ያለዚህ ስምምነት ማቆም እጅግ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ሳምንት

የመጨረሻው ሲጋራ ካለፈ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት መርገብ ይጀምራል። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠኑ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ሁሉ ሲያደርግ እርስዎ ግን ደኅና አይሆኑም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ንዴት፣ መቁነጥነጥ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ረኃብና የሆድ ድርቀት በሰዓታት ውስጥ ጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታሉ፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም ይከስማሉ። ሳል ሊጨምር ይችላል።

ሐራራ እንደ ማዕበል ይመጣል፤ ከፍ ይላል፣ ይሰበራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሥራዎ ማሸነፍ ሳይሆን ማሳለፍ ይሁን። ሲነሣ ካሉበት ቦታ ይውጡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ ይጠጡ፣ በአፍንጫ በጥልቀት ስበው በአፍ በዝግታ ያስወጡ፣ ፈጠን ብለው ለአሥር ደቂቃ ይራመዱ። አጭር የእግር ጉዞ ሐራራን እንደሚያስታግስ በጥናት ተረጋግጧል። እጅዎ የሚይዘው ነገር ካጣ እርሳስም ቢሆን ይያዙ።

ቡናን በተመለከተ ከላይ ያነሣሁት የጉበት ጉዳይ እዚህም ይሠራል። ጭሱ ሲቀር ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ የለመዱትን ያህል ቢጠጡም በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውየውም "ሲጋራ በማቆሜ ነው" ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቡናዎን በግማሽ ይቀንሱ፤ ከሰዓት በኋላ ባይጠጡ ደግሞ ይሻላል። የአልኮል መጠጥን ለአንድ ወር ሙሉ በሙሉ ቢተዉ እመርጣለሁ፤ ሰዎች መልሰው ከሚያጨሱባቸው ሁኔታዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነውና።

የልማድ ሲጋራዎችን ዝርዝር እዚህ ያውጡት። ከምግብ በኋላ ያጨሱ ከነበረ ወዲያው ተነሥተው ጥርስዎን ይቦርሹ። ስልክ እያወሩ ከነበረ ቆመው ወይም እየተራመዱ ያውሩ። በሥራ ዕረፍት ከነበረ ዕረፍቱን አይተዉት፤ ቦታውን ብቻ ይቀይሩ።

ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር

ሰው መሻል ሲሰማው መድኃኒቱን ይጥላል። ይህ የተሻለው በመድኃኒቱ ምክንያት መሆኑን መርሳት ነው። የታዘዘውን ጊዜ ይጨርሱ።

ክብደት ይጨምራል። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ያፍን ነበር፤ አሁን ምግብም ይጣፍጣል። አማካዩ በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሲሆን አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይመጣል። በዚሁ ጊዜ ከባድ አመጋገብ መጀመር ግን ሁለት ትግል በአንድ ጊዜ መክፈት ነው። አትክልትና ፍራፍሬ በቅርብ ያስቀምጡ፣ ይራመዱ፣ ኪሎውን ቆይተው ይደርሱበታል። ለልብና ለሳንባ ያለው ጥቅም ከተጨመረው ኪሎ ጉዳት እጅግ ይበልጣል።

ድብርቱ ከአራት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አይሸሽጉት፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ ለማጨስ ምክንያት ግን አይሆንም።

ከሦስተኛው ወር በኋላ፦ "አንድ ብቻ"

እዚህ ደርሶ መውደቅ የሚያሳዝነኝን ያህል በሌላው አላዝንም። ሐራራው ጠፍቷል፣ ሳሉ ቀርቷል፣ ሰውየው ራሱን እንደዳነ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ነው የሆነ ምሽት ላይ "አሁን እኮ ተቆጣጥሬዋለሁ፤ አንድ ብቻ ብስብ ምን አለው?" የሚል ሐሳብ የሚመጣው። ሐሳቡ እንደ ሐራራ አያስጨንቅም፤ ለስላሳና ምክንያታዊ መስሎ ነው የሚቀርበው። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አንጎል የመዘገበውን ስላልረሳ፣ አንዱ ሲጋራ በአብዛኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ፓኬቱን ያስከትላል።

መልሱን አሁኑኑ ይጻፉና በቃል ይያዙት፦ "አላጨስም።" "ለማቆም እየሞከርኩ ነው" የሚለውን መልስ ይተዉ፤ ለጠያቂው በር ይከፍታል።

ከዝግጅቱ ሳምንት ያስቀመጡትን የስሜት ዝርዝር መልሰው ያንብቡ። ለእያንዳንዱ "ይህ ቢሆን ይህን አደርጋለሁ" የሚል አንድ መስመር ይጻፉ። ከአለቃዬ ጋር ብጋጭ ወጥቼ አንድ ዙር እራመዳለሁ። የቅርብ ሰው ቢሞትብኝ ለእከሌ እደውላለሁ፤ ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር ብቻዬን አልቀመጥም። መጠጥ ባለበት ድግስ ብጠራ የማያጨስ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ቀድሜም እወጣለሁ። ኀዘንና ድንጋጤ ቀጠሮ ስለማይሰጡ ጽሑፉ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ደስታንም አይርሱት፤ በሠርግና በምርቃት ምሽት የወደቁ ብዙ ናቸው።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች "ከእንግዲህ ምን ይጠቅመኛል?" ይላሉ። የእንግሊዙ ሐኪም ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለው ያገኙት መልስ ግልጽ ነው። ማጨስ የቀጠሉት በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት ሦስት ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆሙት ስድስት፣ በ40 ያቆሙት ዘጠኝ፣ በ30 ያቆሙት ደግሞ አሥሩንም ዓመት ያህል መልሰው አግኝተዋል። ካቆሙ አንድ ዓመት ሲሞላ ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ቢያጨሱ

አንድ ሲጋራ ማጨስና ወደ ማጨስ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ሰዓታት ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሲጋራውን ሳይጨርሱት ያጥፉት። የተረፈ ካለ ውኃ አርሰው ይጣሉት። ካሉበት ቦታ ይውጡና ለሚያምኑት ሰው የሆነውን ይንገሩ። ፕላስተሩን አያንሡ፣ ክኒኑንም አያቋርጡ፤ በዚያው ቀን እንደ ወትሮው ይቀጥሉ። "ተበላሸ፤ ከሰኞ እጀምራለሁ" የሚለውን ሐሳብ ግን አይቀበሉት፤ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ሱሱን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል።

ከዚያ ቁጭ ብለው ምን ጊዜ፣ ከማን ጋር፣ በምን ስሜት እንደሆነ ይጻፉ። በዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ሁኔታ ከሆነ ይጨምሩት። ሱሱ ካገረሸ ደግሞ ዘመቻውን ከዜሮ አይጀምሩት፤ ባለፈው ሙከራ እስከ የት እንደሄዱና ምን እንደጣለዎት ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ፕላስተር ብቻ ከነበረ ጥምረቱን፣ ጥምረቱ ካልበቃ ቫሬኒክሊንን ይጠይቁ፤ መጠኑ ወይም የወሰዱበት ጊዜ አንሶ ከነበረ እንዲስተካከል ያድርጉ። አዲሱንም የማቆሚያ ቀን ከሁለት ሳምንት ሳያሳልፉ ይቁረጡ።